«ያቺን ጠብታ ስጠኝ»፦ ዓይን ሲያሳክክ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የ9 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው። መብራት ሳበራ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እናቱ ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ባዶ የጠብታ ጠርሙሶች። ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። ሁሉም ዴክሳሜታሶን።

«ሲስተር፣ ይቺ ብቻ ናት የምትስማማው» አለችኝ።

እንግዲህ ከሷው ልጀምር።

ዴክሳሜታሶንን ያለ ትእዛዝ መግዛት። ችግሩ ጠብታው አለመሥራቱ አይደለም። መሥራቱ ነው። በሁለት ቀን ማሳከኩ ይጠፋል፣ ቅላቱ ይጠፋል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል። ጠብታው ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል። ያኔ ሰፈር ያለ ፋርማሲ ጎራ ተብሎ «ያቺን ጠብታ ስጠኝ» ይባላል። ይሰጣል! ያለ ወረቀት፣ ያለ ጥያቄ። ስንቴ እንደተናደድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ነው፤ ቅላትንና እብጠትን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት። ለሳምንታት ሲደረግ የዓይን ውስጥ ግፊታቸው የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ፤ ልጆች ላይ ይብሳል። ግፊቱ ቀስ እያለ ሲወጣ አያምም። ዓይኑም አይቀላም፤ እንዲያውም ጥርት ብሎ ያምራል። ከላይ እያማረ ከውስጥ የማየት ነርቩ ይሞታል። ግላኮማ የሚባለው ይኸው ነው፤ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም። በዚያ ላይ የዓይን ሞራ ያመጣል። ሞራስ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

የልጁን ግፊት ለካን። ጤነኛ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ነው። የሱ ቀኝ ዓይን 38 አለ። እናቱ ቁጥሩ አልገባትም፤ ፊቴ ግን ገባት።

አልፈርድባትም። መጀመሪያ ያዘዘላት ሐኪም ነበር፣ ለአንድ ሳምንት፣ «ከዚያ መልሰሽ አምጪው» ብሎ። ልጁ ሲሻለው ቀጠሮው ተረሳ፤ የጠርሙሱ ስም ግን አልተረሳም። እኛም ሲከፋ ስቴሮይድ እንሰጣለን፣ ግን ግፊት እየለካን፣ መጠኑን እየቀነስን። ስለዚህ ጠርሙሱን አንብቡ። ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥም አለ፤ ያው ስቴሮይድ ነው። አሁን እየተጠቀማችሁ ከሆነ ደግሞ ደንግጣችሁ በራሳችሁ አታቁሙት። መጥታችሁ ተለኩ።

ማሸት። አውቃለሁ፣ ያሳክካል። ግን በታሸ ቁጥር ማሳከኩን የሚያመጣው ሂስታሚን ይበልጥ ይለቀቃል። ለአፍታ እፎይ ይባልና ከዚያ ይብሳል። ለዓመታት ሲታሽ ደግሞ ኮርኒያው፣ ማለት ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ እየሳሳ ወደ ፊት ሊሾጥጥ ይችላል፤ ኬራቶኮነስ ይባላል። እየከፋ ሲሄድ መነጽር አያስተካክለውም። ይልቅ ንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ የተዘጋ ዓይን ላይ 10 ደቂቃ አስቀምጡ። ሰው ሠራሽ እንባ ካላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ቀዝቀዝ ብሎ ሲገባ ደስ ይላል።

ቀይ ዓይን ሁሉ አንድ ነው ማለት። ይሄ የኔ ነው። ሥራ የጀመርኩት ትራኮማ ያለበት ገጠር፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። ዓይኑ የቀላ ልጅ ሲመጣ እጄ ወደ ቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር የሚሮጠው። አንድ እረኛ ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሦስቴም ያንኑ ሰጠሁት። በአራተኛው ለሱፐርቪዥን የመጣ የዓይን ባለሙያ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገለበጠና «ነይ እዪ» አለኝ። ትልልቅ፣ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ እብጠቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ልክ የአዲስ አበባ ኮብልስቶን። በሙያውም የሚጠሩት እንደዚያው ነው። ቨርናል የሚባለው ከባድ የዓይን አለርጂ ነበር። ሞቃትና ደረቅ አካባቢ ይበዛል፣ ወንዶች ልጆችን ይበልጥ ይይዛል፣ አብዛኞቹን ወደ ጉርምስናው ማብቂያ ይተዋቸዋል። ቅባቱ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው፤ ባክቴሪያ በሌለበት ምን ይሥራ? ያንን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው «ያሳክክሃል ወይስ ያምሃል?» ነው። ማሳከክ ከሌለ አለርጂ ነው ለማለት እቸገራለሁ። ሁለቱም ዓይን የሚያሳክክ፣ ውኃ የሚያወጣ፣ ማስነጠስ ያለበት ከሆነ ወደ አለርጂ ያደላል። ቨርናል ላይ የሚወጣው ዓይናር ነጭ ነው፣ እንደ ክር ይሳባል። ጠዋት ሽፋሽፍቱ በቢጫ ዓይናር ተጣብቆ ከተነሳና ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ከዞረ ግን ኢንፌክሽን ነው የምጠረጥረው። ሕመም፣ ብዥታ፣ ብርሃን መፍራት፣ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ ቤት አትቀመጡ። በዚያው ቀን ታዩ።

የጡት ወተት፣ የዳማከሴ ጭማቂ፣ ከጎረቤት የተዋሱት ኩል። አይሆንም። ወደ ቀጣዩ።

የሚቀሰቅሰውን ትቶ ጠብታ ማሳደድ። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩና አበባው ብናኙን ይለቃል፣ ከዚያ የበጋው አቧራ ይከተላል። መስከረም በመጣ ቁጥር ዓይኑ የሚቀላ ሰው ግን ቄጠማው መሐል ተቀምጦ፣ ዕጣኑ ፊቱ ላይ እየጨሰ ቡናውን ይጠጣል። ቡና ይቅር አልልም፤ እኔም አልተውም። በሩን ክፈቱ፣ ከጭሱ ራቅ በሉ። ውጭ መነጽርና ኮፍያ አድርጉ፣ ማታ ሳትተኙ ፊታችሁን ታጠቡ። ዓመቱን ሙሉ የሚያሳክካችሁ ከሆነ አልጋችሁን ጠርጥሩ። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠብ።

ትክክለኛውን ጠብታ በሦስት ቀን መተው። ከአለርጂ ጠብታዎች ኦሎፓታዲንና ኬቶቲፈን ቶሎ ያስታግሳሉ። ክሮሞግላይኬት ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ ወደ ዴክሳ የሚመለሰው እዚህ ጋ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ የተረፈው ጉንጭ ላይ ነው የሚወርደው። ሁለት ዓይነት ከታዘዘ በመካከሉ 5 ደቂቃ ጠብቁ።

ቅላት ብቻ የሚያጠፉትን፣ እነ ናፋዞሊንን፣ አትልመዱ። ሲያቆሟቸው ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። እኔ ለሠርጌ ፎቶ ብዬ ሁለት ሳምንት ተጠቅሜ ጫጉላዬን በቀይ ዓይን አሳልፌያለሁ።

ልጁ ግፊት የሚያወርድ ጠብታ ይዞ ሄዷል። ባዶዎቹን ጠርሙሶች እናቱ ጠረጴዛዬ ላይ ትታቸዋለች። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ቀኝ ዓይኑን ያኔ እንለካዋለን።