ከጦጣ ደም እስከ አንቲቦዲ ምጣኔ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ላብራቶሪ ለምትሠሩ

ከአዋሽ የጦጣ ወይም የዝንጀሮ ደም ይዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ናሙናው የሚበላሽበት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ያልተጣራ ደም በመኪና አታምጡ፤ ሴረሙን (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ) እዚያው ለይታችሁ አምጡ። ሲናወጥ ወይም በረዶ ሲነካው ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ ቃሊቲ ላይ መኪና ሲጨናነቅ ደግሞ ይብሳል።

የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር፣ የሚያደነዝዝ የእንስሳት ሐኪም ሳይገኝ ሥራው አይጀመር። ድርብ ጓንት፣ ማስክና መነጽር ግዴታ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይሂድ።

3 ኪሎ ከምትመዝን ጦጣ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከጭኗ ደም ሥር ቅዱ፤ ወደ ባለ ቀይ ክዳን ቱቦ ስታዛውሩ መርፌውን ንቀሉና በቱቦው ግድግዳ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። በመርፌ ከገፋችሁት ሴሎቹ ፈንድተው ሴረሙ ቀይ ይሆናል። ቱቦውን አቁማችሁ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠብቁ። ካልረጋ አታሽከርክሩት፤ ሴረሙ ውስጥ ክር ይቀራል፣ ፒፔቱንም ይደፍነዋል። ከዚያ 10 ደቂቃ በ1500 ጂ (የምድር ስበት 1500 እጥፍ በሆነ ኃይል) አሽከርክሩ። ራዲየሱ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሴንትሪፊዩጅ ይህ በደቂቃ 3000 ዙር ገደማ ነው፤ ማሽኑ ከተለየ ግን ዙሩም ይለያል። ጥሩ ሴረም እንደ ብርዝ ቢጫ ነው። በ0.3 ሚሊ ሊትር 4 ቦታ ክፈሉትና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ እየቀለጠ እየበረደ ሲመላለስ አንቲቦዲው (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ይዳከማልና።

መብራት የሚጠፋበትን ሌሊት አስቡ። ፍሪዘሩ ውስጥ በረዶ የሆነ ውሃ በብርጭቆ አስቀምጡና ላዩ ላይ ሳንቲም አድርጉ። ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኛችሁት ሁሉም ቀልጦ ነበር።

እያንዳንዱን ሴረም ሁለት ሁለት ጊዜ መርምሩ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መሆናቸው የታወቀ የጦጣ ሴረሞችም አብረው ይግቡ። ለሰው የተሠራ የምርመራ ኪት የጦጣን አንቲቦዲ ሊይዝ ይችላል፣ ፖዘቲቭን ከኔጌቲቭ የሚለየው መለያ ነጥቡ ግን ለሰው የተለካ ነው። ቢጫ ወባን የምትፈልጉ ከሆነ፣ የዴንጊ፣ የዚካና የዌስት ናይል አንቲቦዲም ፖዘቲቭ ሊያስመስል ስለሚችል በኒውትራላይዜሽን (ሴረሙ ቫይረሱን ማገድ መቻሉን በሚያሳይ ምርመራ) አረጋግጡ። ፖዘቲቭ ማለት ቫይረሱ አሁን በደሟ አለ ማለት አይደለም።

ከ40 እንስሳት 12 ፖዘቲቭ ከሆኑ 30 በመቶ ብላችሁ አትተዉት፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ18 እስከ 45 በመቶ ነው። የሚጠቡ ግልገሎችን ለብቻ ቁጠሩ፣ የእናታቸውን አንቲቦዲ ይዘው ይሆናል። የያዛችሁትን ሁሉ ማይክሮቺፕ አድርጉለት፤ አንዷ ጦጣ በማግሥቱ ለሙዙ ስትል ተመልሳ ወጥመድ ትገባለች።