«ሰደድ እሳት» ስንል የምንሳሳታቸው

«ዋይልድፋየር»ን «የዱር እሳት» ብሎ መተርጎም ይቅር። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ለዚህ እሳት የቆየ ስም አለው፦ ሰደድ እሳት። ሰደደ ማለት ላከ፣ ለቀቀ፣ አባረረ ነው፤ ስደትም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ስሙ እሳቱ ያለበትን ቦታ ሳይሆን አካሄዱን ይናገራል፦ ተለቆ፣ ነፋስ እየነዳው ከሣር ወደ ቁጥቋጦ የሚዛመት። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ጓሳውንና አስታውን የበላው ሰደድ እሳት ነው። ገበሬ ማሳውን ሊመነጥር የለኮሰው ግን ከእጁ እስኪያመልጥ ድረስ ሰደድ አይባልም።

የከተማ ቃጠሎም እንዲሁ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰው የእሳት አደጋ ነው። በዚያው ዓመት በገና ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የተነሳው ግን ብዙ ቤት ቢያወድምም ሰደድ ነው፤ ከቁጥቋጦ ተነስቶ ነው ወደ ሰፈር የገባው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በእንግሊዝኛ የእሳት ዘገባ «50 በመቶ ኮንቴይንድ» የሚለውን «ግማሹ ጠፋ» ብሎ መተርጎም ነው። አልጠፋም! ቁጥሩ የሚለካው የእሳቱን ዙሪያ እንጂ የነደደውን መሬት አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከእሳቱ ጠርዝ ላይ ሣሩንና ቁጥቋጦውን መንጥረው አፈሩ እስኪታይ ድረስ ይጠርጋሉ፤ መንገድና ወንዝም ካለ እንደ አጥር ይጠቀሙበታል። የእሳቱ ዙሪያ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆንና በ10ሩ ላይ እሳቱ እንደማያልፍ ቢተማመኑ፣ 50 በመቶ ይሉታል። መሃሉ ለቀናት ሊነድ ይችላል፤ ነፋስ ከበረታም ፍም ተሸክሞ አጥሩን ይሻገራል። ዘመዱ ካሊፎርኒያ የሚኖር ሰው «ግማሹ ጠፋ» ሲባል ሰምቶ «እንግዲህ ተመለሱ» ብሎ ቢመክር ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። «ከዙሪያው 50 በመቶው ላይ መስፋፋቱ ተገትቷል» ብለው ይጻፉ። «በቁጥጥር ስር ዋለ» ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደረጃ ነው፤ «ጠፋ» የመጨረሻው።

የእሳት ስም አይተረጎምም። በ2018 እ.ኤ.አ. ፓራዳይዝ የተባለችውን የካሊፎርኒያ ከተማ ያወደመውና 85 ሰዎች የሞቱበት «ካምፕ ፋየር» ስሙን ያገኘው ከተነሳበት አካባቢ፣ ከካምፕ ክሪክ መንገድ ነው። «የካምፕ እሳት» ከተባለ አንባቢው ድንኳን አጠገብ የተለኮሰ እሳት ይመስለዋል።

ኤከርንም ከሄክታር ጋር አያምታቱት፤ 1 ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው። ፓሊሴድስ የተባለው የሎስ አንጀለስ እሳት የበላው ከ23 ሺህ ኤከር በላይ፣ ማለትም ወደ 9,500 ሄክታር ነው።