አፍሪካን ለትንንሽ ልጆች ማስተዋወቅ፦ ከቤት ተነሥቶ ወደ አህጉሩ

የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ «አህጉር» የሚለውን ቃል ሊያጠና ይችላል፤ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድርን ወይም ከ50 በላይ አገሮችን ግን በሐሳቡ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የአገሮችንና የዋና ከተሞችን ዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ፣ ልጁ በእጁ ከሚነካውና ከሚቀምሰው ነገር ተነሥቶ ጎረቤትን፣ ከዚያም የጎረቤትን ጎረቤት ማሳየት ይሻላል።

ስፋቱን በመቀስ ማስረዳት ይቻላል። ሁለት ተመሳሳይ የአፍሪካ ካርታዎችን ያዘጋጁ፤ ከአንዱ ላይ ኢትዮጵያን ቆርጠው ያውጡና ልጁ በሁለተኛው ካርታ ላይ እያስቀመጠ ስንት ጊዜ እንደምትገባ ይለካ። የሰሃራ በረሃ ብቻውን 8 ያህል ኢትዮጵያን ይይዛል፤ መላው አህጉር ደግሞ ከ25 በላይ። ልጁ መሀል ላይ ቢሰለች አያስገድዱት፤ መሰልቸቱ ራሱ የስፋቱ ማስረጃ ነው። ከተቻለ ሉል ይጠቀሙ። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለመደው ካርታ ግሪንላንድን ከአፍሪካ ጋር የምትስተካከል አስመስሎ ያሳያል፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች።

ቀጥሎ አንድ መንገድ ይምረጡና በጣት ይከተሉት፤ ለእኛ ልጆች ከዓባይ የተሻለ መንገድ አይገኝም። ጉዞው ከጣና ሐይቅ፣ ከደንገል ታንኳው ይጀምራል። ወንዙ ሱዳን ገብቶ ካርቱም ላይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አቅጣጫ ከሚመጣው ነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በረሃውን አቋርጦ በካይሮ በኩል ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በየማረፊያው አንድ ጥያቄ ብቻ ያንሡ፤ ሰዎቹ በምን ይጓዛሉ? ምን ያበቅላሉ? የጥንት ግብፃውያንም ጀልባ ከደንገል ይሠሩ እንደነበር፣ በቻድ ሐይቅ ዳርም የደንገል ጀልባ እንደሚታወቅ ሲሰማ፣ ልጁ እርስ በርስ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ለተመሳሳይ ውኃ ተመሳሳይ መላ እንደሚያገኙ ይረዳል። ሌላ ቀን ደግሞ የጨው መንገድ ይሁን፤ አፋሮች ከዳናክል ጨው በግመል ሲያጓጉዙ ያሳዩና፣ በማሊ ከታውደኒ ወደ ቲምቡክቱ የሚወርደውን የጨው ቅፍለት ያስከትሉ።

ሕዝቦቹን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለልጆች የሚዘጋጁ ሥዕሎች የምሥራቅ አፍሪካውን ከብት አርቢ ማሳይ ከነጦሩ፣ የሰሃራውን ቱዋሬግ ከነሰማያዊ ሻሹ ያቀርባሉ፤ ልጁም ሌጎስ ወይም ናይሮቢ ውስጥ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ የሚሄድ እኩያ እንዳለው ሳያውቅ ያድጋል። በተለይ አውሮፓና አሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ አፍሪካ መጀመሪያ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ አንበሳና የሣር ጎጆ ስለሆነ፣ አንድ የባህል ልብስ ባሳዩ ቁጥር አንድ የዛሬ ከተማ ፎቶግራፍ ያስከትሉ። «አፍሪካውያን እንዲህ ይበላሉ» አይበሉ፤ «ኬንያ ውስጥ ብዙ ሰው ኡጋሊ ይበላል» ይበሉ። ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠጠር ያለ ገንፎ ስለሆነ በቤት ሊሞከር ይችላል፤ ዚምባብዌ ውስጥም ሳድዛ የሚባል ተመሳሳይ ምግብ አለ። ልጁ በእጁ ቆርሶ ሲበላ ያለ ሹካ የሚመገቡት እኛ ብቻ እንዳልሆንን ያያል።

ከሁሉም ይበልጥ የምመክረው ግን ገበጣን ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ወይም የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆርጦ በሽምብራ መጫወት ይቻላል፤ ወጪ የለውም፣ ቁጥርም ያስተምራል። ጋና ውስጥ ይኸው የጨዋታ ቤተሰብ ኦዋሬ ይባላል፤ 12 ጉድጓዶችና 48 ፍሬዎች አሉት። የታንዛንያና የኬንያ ጠረፍ ሰዎች ባኦ የሚሉት ደግሞ 32 ጉድጓዶችና 64 ፍሬዎች ያሉት በጣም የረቀቀ ዓይነት ነው። አገራችን ውስጥም ሕጉ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያልና፣ ከአያት የተማሩትን አስቀድመው ያስተምሩ፤ ኦዋሬን ከዚያ በኋላ።

ሰላምታ በየሳምንቱ አንድ ይበቃል፦ በስዋሂሊ «ሀባሪ»፣ በሐውሳ «ሳኑ»፣ በዙሉ «ሳውቦና»። አነጋገሩን ከተናጋሪው ድምፅ መስማት ስለሚያስፈልግ ቅጂ ይፈልጉ። በአፍሪካ ከ2000 በላይ ቋንቋዎች እንደሚነገሩ ሲነግሩት ልጁ ሁሉንም እንዲያጠና እንደማይጠየቅ አብረው ይንገሩት።

ካርታውን ደጋግሞ ያየ ልጅ በግብፅና በሱዳን፣ በአልጄሪያና በማሊ መካከል ያለው ድንበር ለምን ቀጥ ያለ መስመር እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ለትንሽ ልጅ «ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች እዚያ የሚኖረውን ሳይጠይቁ በማስመሪያ አሰመሩት» ማለት እውነት ነው፤ በቂም ነው። ከ1884 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. አውሮፓውያን ስለ አፍሪካ ክፍፍል በርሊን ላይ ያደረጉት ጉባኤና ዓድዋ 8 ወይም 9 ዓመት እስኪሞላው ሊቆዩ ይችላሉ።