ከገና እስከ ጥምቀት የሚቆይ የግቢ ጌጥ ከደንገልና ከሸምበቆ

ባሕር ዳር ላይ ለገና ግቢውን ማስጌጥ የሚፈልግ ሰው ከሱቅ የፕላስቲክ ዛፍና የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከመግዛቱ በፊት ወደ ሐይቁ ዳርቻ ቢመለከት ይሻለዋል። ደንገል፣ ሸምበቆ፣ የደረቀ ቅልና ጥቂት ኖራ ከተገኙ፣ ታኅሣሥ 29 ተሰቅሎ ጥር 11 ታቦት ወደ መንበሩ እስኪመለስ ድረስ የሚቆይ ጌጥ በአነስተኛ ወጪ መሥራት ይቻላል። እዚህ የማሳየው ለበሩ አንድ ትልቅ ኮከብ፣ ለመግቢያው ደግሞ ጥቂት ፋኖሶች የሚሠሩበትን መንገድ ነው። ሰብአ ሰገልን የመራው አንድ ኮከብ ነውና፣ በየጥጉ ትንንሽ ነገር ከመበተን ይልቅ ከመንገድ የሚታይ አንድ ትልቅ ኮከብ መስቀል ግቢውን የበለጠ ያደምቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው የሚጀመረው ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ ኅዳር 15 ገደማ ነው። ይህን ያህል ቀደም የሚባለው ለማድረቅ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ ነጭና ለስላሳ፣ በውሃ የተሞላ በመሆኑ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በእርጥቡ የታሰረ ነገር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማሰሪያው ይላላል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ትኩስ ደንገል ጠምጥሜ ስለነበር በገና ዋዜማ ኮከቡ ቅርጹን አጥቶ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሳላደርቅ አስሬ አላውቅም። ደንገሉን ራስ ነቅሎ ከማምጣት ይልቅ ከሚያጭዱት ሰዎች አንድ ሸክም መግዛት ይመረጣል፤ ከሥሩ በላይ የተቆረጠ ደንገል መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የተነቀለው ግን የወፎችንና የዓሣ ጫጩቶችን መጠለያ ይዞ ይጠፋል። አገዳውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ አየር በሚያገኝ ጥላ ሥር ግድግዳ ላይ ያስደግፉት፤ በየሦስት ቀኑም ያገላብጡት። በአናቱ ላይ ያለውን ጎፈሬ ግን አይጣሉት፤ ለብቻው ቁልቁል ተሰቅሎ ሲደርቅ ለኮከቡ የሚያምር ዘርፍ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ሐይቁን የወረረው እምቦጭም ለዚህ ቢውል እንዴት ነው ይላሉ። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም እኔ አልመክርም፤ አረሙ በቁራጭ ግንዱም በዘሩም ስለሚራባ፣ ወደ ቤት ሲወሰድ በየቦዩ እየተንጠባጠበ ወደ ሌላ ውሃ ሊደርስ ይችላል።

ለኮከቡ አጽም አሥር ቀጥ ያሉ የደረቁ የሸምበቆ ዘንጎች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዳቸው 120 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከአንዱ ጫፍ 46 እና 74 ሴንቲ ሜትር ላይ በከሰል ምልክት ያድርጉ። ከዚያ አምስቱን መሬት ላይ ዘርግተው፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ፣ የአንዱ ምልክት በሌላው ምልክት ላይ እንዲያርፍ ያቆላልፏቸው፤ ምልክቶቹ ከገጠሙ አምስቱ ክንዶች ያለምንም ልኬት እኩል ይወጣሉ። ጫፎቹንና መገናኛዎቹን ሁሉ በሲባጎ አጥብቀው ይሰሩ። በቀሪዎቹ አምስት ዘንጎች ሁለተኛ ኮከብ ሠርተው በመጀመሪያው ላይ ይደርቡት፤ አምስቱን ጫፎች ብቻ አንድ ላይ ካሰሩ በኋላ በውስጠኛዎቹ አምስት መገናኛዎች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አጫጭር ዘንጎችን እንደ ድጋፍ ያስገቡ። በዚህ ጊዜ ጠፍጣፋው ኮከብ ሆዱ ይነፋና ለመብራት የሚሆን ባዶ ቦታ ይፈጠራል።

የፊቱ ገጽ በነጭ አቡጀዲ ይሸፈናል፤ ሁለት ሜትር ይበቃል። ለጀርባው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አራግፎና ጠርጎ መጠቀም ይቻላል። ማጣበቂያው የዱቄት ሙጫ ነው፤ አንድ ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና በሦስት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይጨመራል፤ እንደ አጥሚት ሲወፍር ይወርዳል። ሙጫው ስለሚኮመጥጥ በዕለቱ መጠቀም ያስፈልጋል። በመጨረሻም የደንገሉን ልጣጭ በውሃ አርሶ ካለሰለሱ በኋላ የኮከቡን ጠርዝ ይጠምጥሙበት፤ ጎፈሬዎቹንም በታችኞቹ ሁለት ክንዶች ጫፍ ላይ ያንጠልጥሉ።

በኮከቡ ውስጥ ሻማም ሆነ ጧፍ ፈጽሞ አይግባ፤ የደረቀ ደንገልና ወረቀት በቅጽበት ይያያዛሉ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ይበቃል፤ መብራት ቢጠፋም ኮከቡ አይጨልምም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ኮከቡን እንደ ሸራ ስለሚገፋው፣ በጀርባው ወረቀት ላይ ጣት የሚያስገቡ ጥቂት ቀዳዳዎች ይብሱ፤ ሲሰቅሉትም ከላይና ከሁለቱ ጎኖች በሦስት ቦታ ይሰሩት።

ለመግቢያው የደረቁ ቅሎች በቂ ናቸው። ከሥሩ ክብ አድርገው ቆርጠው ውስጡን ይፋቁ፤ ብናኙ ስለሚያስነጥስ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ይገባል። ከዚያ በጋለ ወስፌ የመስቀል ወይም የአበባ ቅርጽ እየበሱ ይሥሩበት። ሻማ ካልበራ በዓል አይመስለኝም ለሚል ሰው የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይሻላል፤ ጣሳው ውሃ ተሞልቶ በረዶ ሲሆን በሚስማር ቢበሳ አይጨረማመትም። ከታች አሸዋ ጨምረው፣ ከደረቅ ቄጠማ አርቀው፣ ኖራ በተቀቡ ድንጋዮች መካከል ያስቀምጡት። ኖራውን ሲበጠብጡ ዱቄቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አያፍስሱ፤ ዓይን ያቃጥላልና ሕፃናትም ይራቁ።

ጥምቀት ሲያልፍ ኮከቡን ያውርዱ፤ የተቀደደ ወረቀትና ክር ነፋስ ወደ ሐይቁ እንዳይወስደው ለቅመው ያስወግዱ። አጽሙ ከጣራ ሥር በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለከርሞ የሚለወጠው አቡጀዲውና ወረቀቱ ብቻ ነው።