የብስክሌት ዲስክ ፍሬን ሲጮህ፣ ሲታሽና ሲደክም፦ አዲስ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድኩ የፊት ፍሬኔ ጮኸ። የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጩኸቱስ ይሁን፣ እጀታውን ጥርሴን ነክሼ ብጨብጠውም ብስክሌቱ እንደ ልቤ አልቆም አለኝ። በማግስቱ ከዳር እስከ ዳር 160 ሚሊሜትር የነበረውን ዲስክ አውጥቼ በ180 ቀየርኩት። ገንዘቤን ከፈልኩ፣ ገጠምኩ፣ ወጣሁ። ያው ጩኸት!

ጥፋቱ የራሴ ነበር። ሰንሰለቱን በሚረጭ ዘይት ሳለሰልስ ብናኙ ዲስኩ ላይ አርፏል። ሸራው፣ ማለትም ፓዱ፣ ዘይቱን ጠጥቷል። አዲሱን ዲስክ ስገጥም አሮጌውን ሸራ አልቀየርኩም። እሱም የጠጣውን ዘይት ለአዲሱ ዲስክ አካፈለው። ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን እንይ፣ ግዢው ይቆየን።

ይጮኻል፣ ደግሞም አይዝም

ሁለቱ አብረው ከመጡ መጀመሪያ ዘይት ጠርጥሩ። ዲስኩን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ጥቁር መውጣቱን እስኪተው ድረስ ደጋግሙት። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም። ብዙዎቹ ግሊሰሪን ስላለባቸው ሌላ ቅባት ጥለው ይሄዳሉ። ዲስኩን በባዶ እጅ መነካካትም ተዉ፣ የጣት ቅባትም ቅባት ነው።

ሸራው ላይ ያለው ዘይት የላይ የላዩን ብቻ ከሆነ፣ ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ ፊቱን ፈቅፈቅ አድርጉት። ዘልቆ ከገባ ግን ጣሉት። ምድጃ ላይ አቃጥለው ዘይቱን ለማስወጣት የሚሞክሩ አሉ። እኔም ሞክሬ ቤቱን በጭስ ከመሙላት በቀር ያተረፍኩት የለም።

አዲስ ሸራ ወይም አዲስ ዲስክ ከገባ በኋላ ሁለቱን ማላመድ ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱ። ከዚያ ጎማውን ሳታቆልፉ እስከ እርምጃ ፍጥነት አብርዱ፣ ልቀቁት፣ እንደገና ፍጠኑ። 20 ጊዜ ያህል። ከሸራው ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ይለጠፋል፣ ፍሬኑ በደንብ የሚይዘው ያኔ ነው።

ዝናብ ሲመታው ብቻ ጮኾ ሲደርቅ ዝም የሚል ፍሬን ግን ጤነኛ ነው። ተዉት።

ሽ... ሽ... እያለ ይታሻል

ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩትና አዳምጡ። በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ሽ ካለ ዲስኩ ተጣሟል። ሳያቋርጥ ሽ ካለ ደግሞ ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል፣ መሃል ላይ አልተቀመጠም።

የካሊፐሩ ቀላል ነው። አብዛኞቹ በባለ 5 ሚሊሜትር ባለስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚፈቱ ሁለት ብሎኖች አሏቸው። ትንሽ አላሉ፣ የፍሬኑን እጀታ ጨብጣችሁ ያዙ፣ እንደያዛችሁ ብሎኖቹን ተራ በተራ አጥብቁ። በሽቦ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ግን ይህ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በብዙዎቹ ላይ የሚንቀሳቀሰው የውጪው ሸራ ብቻ ነው። የውስጡን በማስተካከያው ብሎን ዲስኩን ሊነካ እስኪል ድረስ ታስጠጉታላችሁ።

የተጣመመ ዲስክ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሚኒባስ ጣራ ላይ ተጭኖ የመጣ ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የሚነካበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። አፉ የሚጠብና የሚሰፋ ቁልፍ በአልኮል ጠርጉና ዲስኩን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙበት፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ወደ ተቃራኒው ግፉ። አሽከርክሩ፣ እዩ፣ ድገሙ። በኃይል የገፋ ሰው አንዱን ጥመት ሁለት ያደርገዋል።

ሸራው አዲስ ነው፣ ፍሬኑ ግን እንደ በፊቱ አይደለም

እዚህ ላይ ዲስኩ አልቆ ሊሆን ይችላል። አዲስ የሺማኖ ኩባንያ ዲስክ 1.8 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። የሌላው ኩባንያ፣ የስራም (SRAM)፣ ብዙዎቹ ከ1.85 ተነስተው 1.55 ላይ ያበቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ገደቡ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። በቬርኒየር፣ ማለትም በውፍረት መለኪያው፣ ስትለኩ ሸራው የሚረግጠውን ቦታ ለኩ እንጂ ጠርዙን አይደለም። ጥፍራችሁን ስታንሸራትቱ እርከን ካገኛችሁ፣ እርከኑ ልኬታችሁን ያወፍረዋል። የክረምት ጭቃ ሸራውንም ዲስኩንም እንደ ወፍጮ ይፈጫቸዋል፤ ስለዚህ እኔ የምለካው መስከረም ላይ ነው።

በዘይት የሚሠራ ፍሬን እጀታው እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ ደግሞ ዲስኩን አትውቀሱ። በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፣ ዘይቱን ማስተንፈስ ነው። የዘይቱ ዓይነት ፍሬኑ ላይ የተጻፈው ይሁን። ለሚኒራል ዘይት የተሠራ ፍሬን ላይ ዶት የሚባለው ሌላው የፍሬን ዘይት ቢጨመር ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ።

መጀመሪያ ይይዛል፣ ቁልቁለቱ ሲረዝም ይደክማል

ትልቅ ዲስክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ዲስኩ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ከያዘ፣ የቃጠሎ ሽታ ከመጣ፣ የሸራው ፊት እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ሙቀት በዝቶበታል።

በቅድሚያ አነዳዳችሁን እዩ። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች እየጎተቱ ከመውረድ፣ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ ይሻላል። በተለቀቀበት ጊዜ ይተነፍሳል። ግሎ ከቆመ ዲስክ ላይ ውኃ አታፍስሱ፣ ሊጣመም ይችላል። በጣታችሁም አትሞክሩት።

ይህም ካልበቃ ዲስኩን አሳድጉት። ከ160 ወደ 180 ስትሄዱ በዚያው የእጅ ጉልበት 12.5 በመቶ፣ ወደ 203 ስትሄዱ 27 በመቶ ገደማ ተጨማሪ የማቆም ኃይል ታገኛላችሁ። ብረቱም ስለሚበዛ ሙቀቱን ይሸከማል። ከፊት ጀምሩ፤ ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላ ጎማ ላይ ትልቅ ዲስክ ቢገባ ጎማውን ቶሎ አቆልፎ ማንሸራተት ነው ትርፉ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፎርኩ፣ ማለትም የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ፣ እስከ ስንት እንደሚፈቅድ አረጋግጡ። ለ160 ብቻ የተሠራ ፎርክ ላይ 203 መግጠም ሊሰብረው ይችላል። ካሊፐሩን ከፍ የሚያደርግ አዳፕተርም ያስፈልጋል፤ እኔ ይህን ረስቼ ሁለቴ ተመላልሻለሁ። አገጣጠሙም ሁለት ዓይነት ነው፦ በስድስት ብሎን የሚታሰርና ሴንተርሎክ የሚባለው፣ በአንድ ቀለበት የሚጠብቅ። ባለ ስድስቱን በኮከብ ቅርጽ ቲ25 ቁልፍ፣ በየተቃራኒው እየዘለላችሁ አጥብቁ። ርካሽ ዲስክ ላይ «ለሬዚን ፓድ ብቻ» (በሙጫ ለተያያዘው ለስላሳ ሸራ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ የብረት ሸራ አትግጠሙበት፣ ቶሎ ይበላዋል።

የእኔ 180 አዲስ ሸራ ከገባለት ወዲህ ዝም ብሏል። ያ ያወጣሁት 160 ውፍረቱ ሲለካ 1.7 ሆኖ ተገኘ። በአልኮል ጠርጌ፣ ዲስኩ አልቆበት ወደ ነበረው የኋላ ጎማ አዛወርኩት።