ካርዱ «ተጠናቀቀ» ይላል፣ መሣሪያው ግን አይሠራም፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ በየሁለት ሳምንቱ የሚደረገው ግምገማ ያስጨበጭባል፤ በሥራ ሰሌዳው ላይ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ የተጻፈባቸው ካርዶች ሁሉ «ተጠናቀቀ» ወደሚለው ዓምድ ተሻግረዋል። መሣሪያው ግን ከቤተ ሙከራ በወጣ ዕለት ይቆማል።

መንስኤ፦ ቡድኑን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ የተምታቱት ሁለት መለኪያዎች ናቸው። አጃይል፣ ማለትም ሥራን «ስፕሪንት» በሚባሉ አጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ የመሥራት ዘዴ፣ በየዙሩ የሚቆጥረው ያለቀ ሥራን ነው። ናሳ በ1970ዎቹ የጀመረው፣ ዛሬ 9 እርከን ያለው የቴክኖሎጂ ብስለት መለኪያ ግን «የት ተፈትኖ ሠራ?» ይላል። ደረጃ 4 ቤተ ሙከራ ነው፤ 5 እና 6 እውነተኛውን የሚመስል አካባቢ፤ 7 ራሱ የሥራው ቦታ። መቶ ካርድ ዘግቶ ደረጃ 4 ላይ መቅረት ይቻላል።

መፍትሄ፦ ማስረጃውን ካርዱ ላይ ጻፉት። «የእርጥበት መለኪያውን ፕሮግራም መጻፍ» አይበቃም። «መለኪያው በአቧራና በ45 ዲግሪ ሙቀት 72 ሰዓት ቆይቶ ከተፈቀደለት ስህተት አለመውጣቱን ማሳየት» ሲባል ግን ካርዱ የሚዘጋው በፈተና ውጤት ብቻ ይሆናል።

ምልክት፦ ሪፖርቱ ደረጃ 6 ይላል፤ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ግን ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

መንስኤ፦ አማካይ ተወስዷል። ባትሪው 8፣ መለኪያው 7፣ የመገናኛው ክፍል 3 ቢሆኑ አማካዩ 6 ይመጣል። በወረቀት ላይ ያማረ፣ በተግባር ግን ከንቱ ቁጥር ነው።

መፍትሄ፦ የሥርዓቱ ደረጃ ከደካማው ክፍል አይበልጥም፤ እዚህ ላይ 3 ነው። የሚቀጥለው ስፕሪንት ለመገናኛው ይሰጥ፤ ባትሪውን ማሳመር ይቆይ። መጋጠሚያዎቹም ለብቻቸው ይፈተኑ፣ ሁለት የበሰሉ ክፍሎች እርስ በርስ ላይግባቡ ይችላሉና።

ምልክት፦ ደረጃው ለወራት 4 ላይ ቆሟል፤ አለቆች ትዕግሥታቸው አልቋል።

መንስኤና መፍትሄ፦ እርከኖቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ስፕሪንት አጭር ነው። ወደ 5 የሚያደርሱትን ያልተመለሱ ጥያቄዎች ዘርዝሩና በየስፕሪንቱ ስንቱ እንደተመለሰ አሳዩ። ደረጃውን ራሱን በየሩብ ዓመቱ መመዘን ይበቃል፤ የሚመዝነውም ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው ይሁን።

ብዙዎች የሚሸሹት አንድ ነገር አለ፦ ደረጃ ይወርዳል። አቅራቢው ቺፑን ከቀየረ ወይም መሣሪያው ወደ ሌላ የአየር ጠባይ ከሄደ የትናንቱ 7 ዛሬ 5 ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ካልተጻፈ ግን ስፕሪንቱ የሚታቀደው በሌለ መሠረት ላይ ነው።