ከመስኮት ዳር ሆኖ ሾክ ዌቭ ለማየት

የመንገደኛ አውሮፕላን የሚበረው ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። በክንፉ ጀርባ፣ ማለትም በላይኛው ገጹ ላይ የሚያልፈው አየር ግን በከፊል ከድምፅ ይፈጥናል። ፈጥኖም አይቀርም፤ መመለሻው ላይ ምልክት ይተዋል። ሾክ ዌቭ የሚባለውን ይህን ምልክት ያለ ምንም መሣሪያ፣ ከወንበራችሁ ሳትነሱ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። አብዛኛው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ፊልም ያያል፤ የራሱ ጉዳይ። እኔ በቀን ከበረርኩ ወንበር የምመርጠው ለክንፉ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ነገር እወቁት። ድምፅ በባሕር ወለል፣ 15 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ስለሚደርስ፣ ወደ 1,060 ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ ላይ ፍጥነት የሚለካው በማክ ነው፤ ማክ 1 ማለት አውሮፕላኑ ባለበት አየር ውስጥ ያለው የድምፅ ፍጥነት ነው። ቦይንግ 737 በማክ 0.78፣ 787 ደግሞ በ0.85 አካባቢ ይጓዛሉ።

አየር የክንፉን ጉብታ ሲሻገር ይፈጥናል። አውሮፕላኑ 0.78 ላይ እያለ፣ ከክንፉ በላይ ያለው አየር 1ን ያልፋል። ወደ ኋላ ጠርዝ ሲቃረብ ግን ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። የሚቀንሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ አይደለም፤ ከወረቀት በቀጠነ ቦታ ላይ፣ በአንዴ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ግፊቱም እፍግታውም (የአየሩ ጥቅጥቅነት) ዘሎ ይጨምራል። ሾክ ዌቭ የሚባለው ይኸው ነው። በጋለ አስፋልት ላይ አየሩ ሲርገበገብ የምታዩት፣ እፍግታው የተለያየ አየር ብርሃንን ስለሚያጥፍ ነው። ክንፉ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ የታጠፈው ብርሃን ክንፉ ላይ ቀጭን ጥላ ይጥላል።

አሁን ወደ ወንበሩ። የክንፉ ጀርባ በደንብ የሚታይበት፣ ክንፉ ላይ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ያለ መስኮት ያዙ። ፀሐይ በናንተ በኩል ትሁን፤ ከፍ ብላ፣ እኩለ ቀን አካባቢ። ብርሃኑ ሾክ ዌቩን ሰንጥቆ ሳይሆን አብሮት ቁልቁል መውረድ አለበት። ፀሐይዋ ከአፍንጫው ወይም ከጭራው በኩል ከሆነች አትድከሙ፣ ጥላውን አታገኙትም።

አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከዚያ ከክንፉ ወርድ መሃል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ፈልጉ። ጠቆር ያለ፣ በአንድ ጎኑ ብርሃን ያለው ቀጭን መስመር ነው፤ ከአውሮፕላኑ አካል ወደ ክንፉ ጫፍ አቅጣጫ ይሄዳል። ከቀለም መስመርና ከብረት መጋጠሚያ የሚለየው በእንቅስቃሴው ነው። አውሮፕላኑ ትንሽ ሲናወጥ መስመሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መጋጠሚያ አይንሸራተትም። ስታዩት የበረራ አስተናጋጅ አትጥሩ፤ የተበላሸ ነገር የለም።

ጥላው እምቢ ካለ ሌላ መንገድ አለ። ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ወደ ክንፉ ጀርባ ደረጃ አውርዱና፣ ከክንፉ ማዶ ያለውን የደመና ጠርዝ ወይም የእርሻ ድንበር ተመልከቱ። ሾክ ዌቩ ባለበት ቦታ ቀጥ ያለው መስመር ሰበር ይላል።

መሐንዲሶች ግን ይህን መስመር እንደኔ አይወዱትም። ሾክ ዌቩ ሲበረታ፣ ክንፉን ታክኮ የሚሄደው ስስ የአየር ንብርብር ይላቀቃል። ያኔ የአየሩ ጉተታ በድንገት ይጨምራል፣ አውሮፕላኑም ይንቀጠቀጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፒ-38 የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ቁልቁል ሲወረወር፣ አፍንጫው ይበልጥ ይደፋና አብራሪው ቀና ሊያደርገው ይቸገር ነበር። መፍትሔው አሁን ከመስኮታችሁ ይታያል፤ ክንፉ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡዘማን ሐሳቡን በ1935 ሮም ላይ አቅርቦት ነበር። ክንፉ ካጋደለ፣ ወሳኙ ከፊት ጠርዙ ጋር ቀጥ ብሎ የሚጋጠመው የፍጥነት ድርሻ ብቻ ስለሚሆን፣ ሾክ ዌቩ ይዘገያል። በ1960ዎቹ ደግሞ የናሳው ሪቻርድ ዊትኮምብ የክንፉን ጀርባ ጠፍጠፍ አድርጎ ሾክ ዌቩን አዳከመው። አንዳንድ ክንፎች ላይ በሰልፍ የቆሙ ትናንሽ ምላጮች ካያችሁ፣ ሥራቸው ፈጣኑን አየር ወደዚያ ስስ ንብርብር እየቀላቀሉ እንዳይላቀቅ ማድረግ ነው።

በስልክ ለመቅረጽ ካሰባችሁ ፎቶውን ተዉት፤ ፎቶ ላይ መስመሩ ጭረት ይመስላል፣ ማንም አያምናችሁም። ቪዲዮ አንሱ። ፎከሱን ክንፉ ላይ ቆልፉት፣ ካሜራውን ወደ መስታወቱ አስጠጉት፣ መናወጥ ሲጀምር ቅረጹ።